ጀሪካን ውስጥ የጀመረ ክረምት

መጋቢት 19

ዓምና ሰኔ መጀመሪያ ላይ አሥራ ሁለት የዳሊያ አበባ ሥር ጓሮዬ ቀበርኩ። ቀበርኩ ስል የምሬን ነው። አንዱም አልተነሣም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ምን ሆነው ነው ብዬ አንዱን ብቆፍረው ጣቴ እንደ ገንፎ ውስጡ ገባ። ሽታውን ልተወው። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ "እጅህን ውጭ ታጥበህ ግባ" አለችኝ። የዓምናው ሥራ በዚሁ ተዘጋ።

ዘንድሮ ማስታወሻ እይዛለሁ። ከተበላሸም የት ላይ እንደተበላሸ ልወቅ።

የዓምናው ስሕተት የጀመረው ከአንድ ቃል ነው። ዳሊያ፣ ግላዲዮለስ፣ ካና የመሳሰሉትን ፈረንጆች የሰመር አበባ ይሏቸዋል። እኛ ደግሞ ትምህርት ቤት ሰመር ማለት በጋ ነው ተብለን ነው ያደግነው። የነሱ ሰመር ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። ያኔ እነሱ ጋ ፀሐይ አልጠልቅም ትላለች፣ እኛ ጋ ዶፍ ይወርዳል። ቪዲዮ ላይ የማያቸው ሰዎች ሥሩን ቤት ውስጥ ማሰሮ ላይ ያስጀምሩና "ውርጩ አልፎ አፈሩ ሲሞቅ ወደ ውጭ አውጡት" ይላሉ። እኔ ጋ በሚያዝያ ምን ውርጭ አለ? የለም። ስለዚህ ማሰሮው ለኔ አያስፈልግም አልኩና ሰኔን ጠብቄ በቀጥታ መሬት ውስጥ ከተትኩት። የነሱ አፈር በሰኔ ይሞቃል። የኔ አፈር በሰኔ ይቀዘቅዛል።

ይህን ለመረዳት አንድ ዓመትና አሥራ ሁለት ሥር ፈጀብኝ።

መጋቢት 21

ቦታው ሱሉልታ ነው። አሁን ሸገር ከተማ ከሚባለው ውስጥ ገብቷል። "አዲስ አበባ ነው የምኖረው" ስል የቢሮ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ከእንጦጦ ጀርባ ያለ ሰው እንዲህ እንዲል አይፈቅዱም። ሜዳው ክረምት ላይ ሐይቅ ይመስላል። በበጋ ደግሞ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። መረሬ ነው፣ ጥቁር ሸክላማ አፈር። ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲረጥብ ማጣበቂያ። መሀል ላይ የሚሆንበት ጊዜ አንድ ሳምንት ቢኖረው ነው።

መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ሲያብጥ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል። እዚያ ውስጥ ያለ የተኛ ሥር መተንፈስ ያቅተዋል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። ቅጠል ያወጣ ተክል ቢሆን ቢያንስ ውሃውን ይጠጣ ነበር። የተኛ ሥር ግን አይጠጣም፤ ውሃው ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ስለዚህ ዘንድሮ ማሰሮውን የምፈልገው ፈረንጆቹ በሚፈልጉበት ምክንያት አይደለም። እነሱ ከብርድ ይሸሻሉ፤ እኔ ከውሃ ነው የምሸሸው። ደግሞ መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት የኛ ሞቃት ወራት ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ሹራብ ነው። ሥሩ በሙቀቱ ጊዜ ነቅቶ፣ ቅጠል አውጥቶ፣ ክረምቱን ቆሞ እንዲጠብቀው ነው የምፈልገው።

መጋቢት 24

ያለኝን ቆጠርኩ። አሥራ ስድስት የዳሊያ ሥር፣ ሃያ የግላዲዮለስ ኮረት (ሽንኩርት የሚመስል፣ አፈር ውስጥ የሚተከል ክብ ነገር ነው)፣ ሦስት የካና ሥር። ከነዚህ ሌላ ስድስት ትንንሽ ኮረት አለ፤ የነሱን ነገር በኋላ አወራለሁ።

ዳሊያዎቹ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ እናት ግቢ የተገኙ ናቸው። ግላዲዮለሱን ግን መንገድ ዳር ካለ ችግኝ ሻጭ ገዛሁ። "የሆላንድ ነው፣ አንደኛ ነው" አለኝ። ቤት ገብቼ ላስቲኩን ስፈታ ከታች ያሉት ሰባቱ ሰማያዊ ሻጋታ ይዘዋል። ጫን ስላቸው አራቱ ለሰለሱብኝ፤ ጣልኳቸው። የሦስቱን ቁስል በቢላ ፍቄ አመድ ነሰነስኩበት። ሽንኩርት ስንገዛ አንድ በአንድ ጫን ጫን አድርገን አይደል የምንመርጠው? አበባ ሲሆን ለምን እንደምንግደረደር እንጃ።

ማታ የዳሊያውን ሥር ጋዜጣ ላይ ዘርግቼ አየሁት። ስኳር ድንች ነው የሚመስለው፣ ያውም አምስት ስድስት ሆኖ ከአንድ አንገት የተንጠለጠለ። ልዩነቱ ዓይኑ ላይ ነው። ዳሊያ ዓይን ያለው አንገቱ ላይ ብቻ ነው፤ ያለፈው ዓመት ግንድ በቆመበት ዙሪያ። ዓይኑ የስንዴ ፍሬ የምታክል እብጠት ነች፤ አንዳንዴ ሮዝ፣ አንዳንዴ ነጭ ትሆናለች። አንገቱ የተቀጨ ሥር የፈለገውን ያህል ቢወፍር አይበቅልም። ከአሥራ ስድስቱ ሁለቱ አንገት አልነበራቸውም። ከሁሉም የሚያማምሩት እነሱ ነበሩ።

አሥራ አራት ቀረ።

ከአጥር ማዶ ያሉት እማማ መጥተው ጋዜጣው ላይ ያለውን አዩ።

"ይበላል?"

"አይ እማማ፣ አበባ ነው።"

"ይሄን የሚያህል ሥር ይዞ አበባ ብቻ?" አሉና ሄዱ።

ሚያዝያ 2

ማሰሮ አልገዛሁም። የሸክላውን ዋጋ ጠይቄ ዝም ብዬ ወጣሁ። አምስት ሊትር የሚይዘውን የዘይት ጀሪካን ከአንገቱ በታች ቆርጬ፣ በሳሙና አጥቤ፣ ታቹን በጋለ ምስማር ስምንት ስምንት ቦታ በሳሁት። ዘይቱን በደንብ ማጠብ ያስፈልጋል። ያለዚያ ጉንዳን ይወረዋል።

አፈሩ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ ሬዳሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ነው። ሬዳሹ ቤት እያሠራ ካለ ጎረቤት የተረፈ ነው። በወንፊት ነፍቼ ደቃቁን ከአፈሩ ጋር ቀላቀልኩ፣ ሻካራውን ታች አነጠፍኩ። ሰው ሬዳሽን ለመንገድና ለብሎኬት ብቻ ያስባል። ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ውሃ ያሳልፋል፣ አየርም ይይዛል። ለመረሬ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ከአሥራ አራቱ ዳሊያ አሥራ አንዱን ጀሪካን ውስጥ አደረግኩ። ሦስቱን ሆን ብዬ አስቀረሁ። ሰኔ ላይ እንደ ዓምናው በቀጥታ መሬት ውስጥ እከታቸዋለሁ። ምናልባት ዓምና የሞቱት በሌላ ምክንያት ቢሆንስ?

ሥሩን አጋድሜ፣ አንገቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ ሁለት ጣት በሚሆን አፈር ብቻ ሸፈንኩት። ግላዲዮለሱን አራት አራት አድርጌ በአራት ጀሪካን፣ ሹሉ ወደ ላይ። ካናውን በጎኑ አስተኝቼ። ሁሉም ቆርቆሮው ክዳን ሥር፣ በረንዳው ላይ ተደረደሩ። እዚያ የበልግ ዝናብ አያገኛቸውም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግድግዳው ይሞቃል።

ሚያዝያ 5

ስድስቱ ትንንሽ ኮረቶች። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጡም፤ ልብሳቸው ቡናማና ቃጫ የመሰለ ነው። የሰጡኝ አበባ የሚወዱ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ነጭ ያብባል፣ መሀሉ ወይን ጠጅ ነው፣ ማታ ይሸታል ብለውኛል።

ስሙን ስፈልግ ነው የገረመኝ። ሆላንድ ያለ ወዳጄ የኮረት ፓኬት ፎቶ ላከልኝ። ላዩ ላይ "የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ" ይላል። አውሮፓ ውስጥ በየሱቁ በከረጢት የሚሸጥ ነው። አገሩ ደግሞ የኛ ተራራ ነው፤ ከኢትዮጵያ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ወደ ደቡብ ይወርዳል። እኛ መንገድ ዳር የሆላንድ ነው ሲሉን እንገዛለን፣ ሆላንዶች የአቢሲኒያ ነው ብለው ይገዛሉ።

በተቃራኒው ደግሞ ሰርግ ላይ የምናየው ነጩ ካላ ሊሊ አለ። የሳይንስ ስሙ ኢትዮጵያን የሚጠራ ስለሆነ የኛ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። አይደለም። የደቡብ አፍሪካ ነው። ድሮ የግሪክና የላቲን ጸሐፊዎች ከግብፅ ወዲያ ያለውን ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉት ስለነበር ነው ስሙ የተሰጠው።

ስድስቱን በአንድ አሮጌ ሳፋ ተከልኩ። ቀዳዳ በስቼ ማለቴ ነው። ዓምና ተምሬያለሁ።

ሚያዝያ 14

ምንም የለም። በየጠዋቱ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ምንም።

ሚያዝያ 19

አንድ ግላዲዮለስ ብቅ አለ። የጦር ጫፍ ነው የሚመስለው። ከሥራ ስመለስ ሦስት ሆነዋል። ዳሊያው ዝም።

ሚያዝያ 23

ሦስት ቀን መስክ ላይ ነበርኩ። ስመለስ የዳሊያው ጀሪካኖች ጭቃ ሆነዋል። ሮቶው በፈረቃ ውሃ መጥቶ ሞልቶ ኖሮ ልጄ እየቀዳ በየቀኑ ሲያጠጣቸው ከርሟል። "አባዬ እንዳይደርቁ ብዬ ነው" አለኝ። ምን ይባላል?

አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ሁለቱ ከጫፋቸው ለስልሰዋል፣ አንገታቸው ጋ ደርሷል። ሄዱ። አራቱ አንድ አንድ ጣታቸው ብቻ ተበላሽቷል። የተበላሸውን እስከ ነጩ ሥጋ ድረስ ቆርጬ፣ አመድ ቀብቼ፣ አንድ ቀን ጥላ ላይ አድርቄ በአዲስ አፈር መለስኩ። ቢላውን በየሥሩ በአልኮል እየጠረግኩ።

ቀንበጥ እስኪታይ ድረስ ውሃ ማለት እንዲያው ምራቅ ያህል ነው። ቅጠል የሌለው ሥር የራሱ ስንቅ አለው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ በረንዳው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ልጄ አንብቦ "ምራቅ ልትፋበት?" አለ።

ዘጠኝ ቀረ።

ግንቦት 3

ዳሊያ! ስምንቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወጡ። ሲወጡ ቀጥ ብለው አይደለም። አፈሩን በጀርባቸው ገፍተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጥቁር ወይን ጠጅ መስለው ነው። በማግስቱ ቀና ይሉና ሁለት ቅጠል እንደ መዳፍ ይዘረጋሉ። ሥራ ልሄድ ታክሲ እየጠበቀኝ እነሱ ላይ ተደፍቼ ቀረሁ።

ዘጠነኛውን በጣቴ ገለጥ አድርጌ አየሁት። ዓይኑ አብጧል። ይመጣል።

የአቢሲኒያዎቹ አምስት ወጥተዋል። እንደ ሣር ቀጭን ናቸው። ባለቤቴ አረም መስሏት አንዱን ልትነቅል ስትል ደረስኩ።

ግንቦት 16

ዛሬ ጫፍ ቆረጥኩ። ዳሊያው አራት ጥንድ ቅጠል ሲይዝ የመሀሉን ጫፍ በጥፍር መቀንጠስ ነው። እማማ ከአጥሩ ላይ ሆነው አዩኝና "አንተ ልጅ፣ ምን በደለህ?" አሉኝ። ከየቅጠሉ ብብት ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ነው ብዬ አስረዳሁ። ካልተቆረጠ አንድ ረጅም ግንድ ሆኖ በሐምሌ ነፋስ ይወድቃል። አላመኑኝም። እኔም እየቆረጥኩ ልቤን አሞኛል፤ ሁለት ወር የጠበቅኩት ነገር ነው።

ግንቦት 18

ስሕተት። ከበረንዳው ጥላ አውጥቼ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አዋልኳቸው። ማታ ስመጣ የላይኛው ቅጠል ነጭ ነጭ ሆኗል፤ ብረት የተተኮሰበት ይመስላል። በዚህ ከፍታ የሰዓት ስድስት ፀሐይ ለኛም ለቅጠልም አትመችም። ችግኝ ጣቢያ የሚሠሩ ሰዎች ማጠንከር የሚሉት ነገር አለ፣ የማውቀውን ረስቼ ነው። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብቻ፣ በየቀኑ ትንሽ እየጨመርኩ። ሌሊቱን ደግሞ ውጭ ያድራሉ፣ ብርዱን ይልመዱት።

ግንቦት 24

የዚህ ማስታወሻ ትልቁ ነገር ዛሬ የሆነው ነው። ያመጣሁትም እኔ አይደለሁም።

ጉድጓድ ልቆፍር ዶማ ይዤ ስወጣ እማማ በሩን አልፈው ገቡ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ጥሩ አፈር ሞልቼ ልተክል።"

"መረሬ ላይ ጉድጓድ?" ሳቁ። "እሱማ ገንዳ ሠራህለት እኮ። ዙሪያው ያለው ውሃ ሁሉ እዚያ ነው የሚገባው። በጥሩ አፈር ልታሰጥመው ነው።"

እኔ ይህን አስቤ አላውቅም። ጥሩ አፈር እስከሞላሁ ድረስ የሚበቃ ይመስለኝ ነበር። መረሬ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ግን ግድግዳውም ወለሉም ውሃ አያሳልፍም። ጀሪካን ያለ ቀዳዳ ማለት ነው።

እማማ የእነዋሪ ሰው ናቸው፤ የሰሜን ሸዋ። እዚያ መረሬ ላይ ስንዴ የሚዘራው መሬቱን በእጅ እያነሡ መደብ አድርገው፣ በመደቡ መካከል ቦይ አውጥተው ነው። "ወንዱ ያርሳል፣ እኛና ልጆቹ በእጃችን አፈሩን ወደ ላይ እናወጣለን። ጥፍር አይተርፍም" አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና አሳዩኝ። ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው አፈሩን ከቦዩ እየዛቁ መደቡ ላይ ይጭናሉ፣ በመዳፋቸው ጎኑን መታ መታ ያደርጋሉ። እኔ በዶማ አንድ ክንድ ሳልሄድ እሳቸው ሦስት ክንድ ሄዱ።

እስከ ምሽት ሁለት መደብ ሠራን። ከፍታው ስንዝር ተኩል፣ ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል። ቦዩ ወደ አጥሩ ውጪ ወዳለው ማፋሰሻ ያዘነበለ ነው። መደቡ ላይ የቀረውን ሬዳሽና ፍግ ቀላቀልኩበት። ቡና አፈላን። ሦስተኛውን ሲጠጡ "አሁንም አይበላም?" አሉኝ።

ሰኔ 1

ተከልን። መሬቱ ገና ሲቆፈር የሚፈርስ ነው፣ ዝናቡ ገና አልጠነከረም። ጊዜው ይህ ነው።

ጀሪካኑን በጎኑ ሰንጥቄ ስከፍተው አፈሩ ቅርጹን ይዞ ወጣ። ዙሪያውን ነጭ ሥር እንደ ክር ጠምዝዞታል። ይህን ሳይ ነው የሁለት ወሩ ሥራ ምን እንደነበር የገባኝ። ከላይ የሚታየው አንድ ክንድ ቅጠል ነው፤ ከታች ያለው ግን ውሃ የሚጠጣ አፍ ነው፣ በመቶ የሚቆጠር።

የባሕር ዛፍ እንጨቱን አስቀድሜ ተከልኩ፣ ዳሊያውን ከዚያ በኋላ። ተክሉ ከቆመ በኋላ እንጨት መውጋት ሥሩን መውጋት ነው። ዘጠኙም ገቡ።

ግላዲዮለሱን ለሁለት ከፈልኩት። ስምንቱን ከነአፈራቸው መደብ ላይ። ስምንቱን ከነጀሪካናቸው እስከ አንገቱ ቀበርኩ፣ የምሠራው ስለደከመኝ ነው እንጂ አስቤበት አይደለም።

ካናውን ታች፣ ቦዩ መጨረሻ ላይ ውሃ የሚቆምበት። እሱ ርጥበት ይወዳል፣ ከእንግዲህ ስለ እሱ አልጽፍም። የአቢሲኒያዎቹ ሳፋቸው ውስጥ ይቆያሉ።

ሰኔ 5

የቀሩትን ሦስት ዳሊያ ያለ መደብ፣ ያለ ማሰሮ፣ እንደ ዓምናው ሜዳው ላይ ቀበርኩ። ይቅር በሉኝ ብዬ።

ሰኔ 12

ሚካኤል። የክረምቱ ዋና ዝናብ ዛሬ መጣ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮው አላናግር አለን። ሲያባራ በቦት ጫማ ወጣሁ። ቦዮቹ ሞልተዋል፣ ቡና የመሰለ ውሃ ወደ ማፋሰሻው ይሄዳል። መደቦቹ ሁለት ረጃጅም ደሴት ሆነዋል። ጣቴን ዳሊያው ሥር ሰደድኩ። እርጥብ ነው፣ ግን ፍርፍር ይላል። ሦስቱ የተቀበሩበት ሜዳ ላይ ውሃው ቆሟል። ዳክዬ ነው የቀረው።

አንድ ነገር አስቤ ገረመኝ። ዳሊያ አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ እዚያም የደጋ ተክል ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ናት፣ ከአዲስ አበባ ብዙም አትርቅም። ዝናባቸውም እንደኛ በነሱ ሰመር ነው የሚወርደው። አበባውን በ1963 ብሔራዊ አበባቸው አድርገውታል፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። እንግዲህ ዳሊያ ክረምት የለመደ ነው። ያለመደው የቆመ ውሃ ነው። እኔ የሆላንድ ሰው ቪዲዮ ሳይ የከረምኩት፣ ማየት የነበረብኝ የሜክሲኮን ሰው ነበር።

ሐምሌ 2

ከመደቡ ላይ አንድ ግላዲዮለስ ጋደም ብሏል። ነፋስ መስሎኝ ላቃናው ስይዘው እጄ ላይ ቀረ። ከታች ኮረት የለውም። በጥርስ የተቆረጠ ነው፣ ንጹሕ አድርጎ። ከጎኑ ትኩስ የአፈር ክምር አለ።

ፍልፈል።

እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ከስምንቱ ስድስቱን ወሰደ። በቅደም ተከተል ነው የሄደው፣ እንደ ማሽላ እሸት። ጀሪካኑ ውስጥ ያሉትን ስምንቱን አልነካም። መግባት አልቻለማ። ስንፍናዬ አተረፈኝ። ዳሊያዎቹን እስካሁን አላገኛቸውም፣ እኔም ስማቸውን ጮክ ብዬ አልጠራም።

እማማ ወጥመድ አላቸው። ሰጡኝ። አላጠመድኩም፤ ለምን እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም። የሚቀጥለው ዓመት ግን ሁሉም ኮረት ከነጀሪካኑ ነው የሚገባው፣ ወይም በወንፊት ሽቦ ተጠቅልሎ።

ሐምሌ 17

በረዶ። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። የዳሊያው ቅጠል እንደ ጎመን ክትፎ ሆነ። አንዱ ከግንዱ ተሰበረ። ስምንት ቀረ።

ከተሰበረው ላይ አይቼ የማላውቀውን ነገር አየሁ፤ ግንዱ ባዶ ነው፣ እንደ ሸምበቆ። ባዶው ውስጥ ዝናብ ከገባ ወደ አንገቱ ወርዶ ያበሰብሰዋል። ከአንጓው በታች አስተካክዬ ቆረጥኩና አፉን በላስቲክ አሰርኩት።

ሐምሌ 28

ሜዳው ላይ ከተቀበሩት ሦስት ዳሊያዎች አንዱ ወጣ! ቢጫ፣ ቀጭን፣ የታመመ። ሌሎቹን ሁለቱን ቆፈርኩ። ገንፎ። ስለዚህ ዓምና የሆነው ነገር ሌላ ምክንያት የለውም።

ነሐሴ 6

ቀንድ አውጣ ሌሊት በባትሪ እየለቀምኩ ነው። ቅርፊት የሌለው ዘመዱ ይብሳል። አመድ ዙሪያውን በትን ይላሉ፣ በደረቅ ይሠራል። በነሐሴ አመድ ስንት ደቂቃ ደረቅ ሆኖ ይቆያል? መልቀም ነው።

ነሐሴ 13

ቡሄ። የሰፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በሩን ሲደበድቡ የመጀመሪያው ዳሊያ ተከፍቶ ነበር። ከመጠን በላይ ቀይ። በዝናቡ ብዛት ጀርባው ቡናማ ሆኗል፣ ጭንቅላቱን ደፍቷል፤ ግን ተከፍቷል። ከልጆቹ አንዷ ሙልሙሉን ተቀብላ "ጋሼ፣ እሱንስ?" አለችኝ በአገጯ እያመለከተች። ቆርጬ ሰጠኋት። ባለቤቴ ለአምስት ወር ሥራ ደመወዙ ይህ ነው ወይ በሚል ዓይን አየችኝ።

የጀሪካኑ ግላዲዮለስ ሰባቱ ዘንግ አውጥተዋል።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ልጆቹ ዝናቡ ሲመጣ ራቁታቸውን ወጥተው ተጠመቁ። ማታ አባራ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ መብራት የለም። በረንዳው ላይ ተቀምጬ አንድ ሽታ መጣ። ጣፋጭ ነው፣ ግን የሽቶ ዓይነት አይደለም። ባለቤቴን "ምን ቀባሽ?" አልኳት። "እኔ?" አለች።

ሳፋው ነው። ስልኬን አብርቼ ሄድኩ። ከአምስቱ ሁለቱ አብበዋል። ነጭ፣ ስድስት ቅጠል፣ ኮከብ የመሰለ፣ መሀሉ ወይን ጠጅ። አበባው አንገቱን ሰብሮ ወደ ታች ያያል። ከኋላው ያለው ቱቦ ከጣቴ ይረዝማል። ማሩ ያለው በዚያ ቱቦ ጫፍ ነው፤ የሚደርስበት ረጅም ምላስ ያለው የሌሊት የእሳት ራት ብቻ ነው። ቀን ላይ ይህን ያህል የማይሸተውም ለዚህ ነው፤ እንግዳው ማታ ነው የሚመጣው።

አፍንጫዬን አስጠግቼ ቆየሁ። ልጄ ከኋላዬ መጥቶ "የሆላንድ ነው?" አለ።

መስከረም 14

ፀሐይ ተመለሰች፣ ዳሊያው አበደ። በነሐሴ በሳምንት አንድ ይከፍት የነበረው አሁን በቀን ሦስት አራት ነው። የደረቀውን ሳልቆርጥ ካደርኩ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መቀስ ይዤ ነው ቁርሴን የምበላው። ከአጥሩ ውጪ ያለው ሜዳ በአደይ ቢጫ ሆኗል፣ ማንም ሳይተክለው፣ ማንም ጀሪካን ሳይቆርጥለት።

ለሚቀጥለው ዓመት አንድ ነገር፦ ለእንቁጣጣሽ ከሆነ የሚፈለገው ሚያዝያ መጀመሪያ በቂ ነው። ከዚያ ቀድሞ ቢጀመር አበባው የሚመጣው በሐምሌ ጨለማ ነው፣ ይበሰብሳል።

ኅዳር 21

ሌሊቱን ውርጭ መታው። ጠዋት ሣሩ ነጭ፣ ዳሊያው ጥቁር። ፀሐይ ሲነካው እንደ ተቀቀለ ቆስጣ ተንጠለጠለ። ከላይ ያለው ሞተ ማለት እንጂ ሥሩ ምንም አይሆንም።

ኅዳር 26

ግንዱን አንድ ስንዝር አስቀርቼ ቆረጥኩ፣ በመንሽ ዙሪያውን አነሣሁ። አንድ ሥር ያስገባሁበት ቦታ ሰባት ስምንት ወፍራም ሥር ተቆላልፎ ወጣ። ከስምንቱ ተክል ሲከፋፈል ሃያ ሦስት ሆነ፤ ሁሉም አንገት ያለው፣ ሁሉም ዓይን ያለው። ሜዳው ላይ የወጣው ቢጫው አንድም አላበበም። ሥሩ የጣት ያህል ነው። ቢሆንም አወጣሁት።

ግላዲዮለሱ ደግሞ በአሮጌው ኮረት ላይ አዲስ ኮረት ሠርቷል፣ በጎኑ ጎመን ዘር የመሳሰሉ ልጆች አሉት። አሮጌውን ነቅዬ ጣልኩ፣ አዲሱን አደረቅኩ።

ሁሉም ደረቅ አሸዋ ውስጥ፣ ካርቶን ላይ ተጽፎበት፣ ሰርቪስ ቤቱ ጥግ። አይጥ እንዳይደርስበት ላዩ ላይ ወንፊት ሽቦ።

ለእማማ ሦስት ይዤላቸው ሄድኩ። ሜክሲኮ ውስጥ ድሮ ሰዎች ይበሉት እንደነበር ነገርኳቸው፤ የኛ ግን ምን መድኃኒት እንደተረጨበት ስለማይታወቅ ለመትከል ብቻ ነው አልኩ። ዝም ብለው ሰሙኝ። አንዱን አንሥተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ አንገቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"የዚህኛው ዓይን የታለ?" አሉ።

አየሁት። የለውም። ቀየርኩላቸው።